ጁፒተር ዝም ያለ ዕለት

መብራቱ ሲጠፋ ጁፒተርም አብሮ ዝም አለ።

ኢልሀም ኤርፎኑን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ሬዲዮው አልጠፋም። የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ያውም ዛሬ በተገዛ አዲስ ድንጋይ። ቀጭን የ«ሽሽሽ» ድምፅ አሁንም ይሰማታል። ረመዳን ከገባ ጀምሮ ከጓደኛዋ ከሃና ጋር ሲሰሙት የከረሙት ጉርምርምታ ግን የለም። እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ ደግሞ እየጨመረ የሚመላለሰው ያ ድምፅ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ቁርጥ ብሏል።

ከሱቃቸው በላይ ባለችው የጨርቅ ዕቃ ቤት መስኮት ወደ ውጭ አየች። ዳንግላ ከገበያው እስከ አስፋልቱ ጨልማለች። ከታች፣ ከሱቁ በረንዳ ላይ፣ የልብስ ሰፊው የጋሽ ሙደሲር ድምፅ መጣ።

«ያ አላህ! እጅጌው ላይ ደርሼ! አሁን እስከ ዒድ እንኳ ቢታገሱን ምን ነበረበት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ከነከናት። ከጁፒተር የተነሳ ድምፅ ዳንግላ ለመድረስ በብርሃን ፍጥነት እየበረረ እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ታዲያ የዳንግላ መብራት መጥፋቱን ጁፒተር በምን ሰማ?

ነገሩ ቀድሞም ግራ አጋብቷት ነበር። ዛሬ የማዳመጫ ምሽታቸው አይደለም። ሃና ከኢንተርኔት ያወረደችው ሠንጠረዥ አለ፤ አዮ የምትባለው የጁፒተር ጨረቃ ለመሰማት የምትመቸው በየትኞቹ ምሽቶች እንደሆነ ይናገራል። እስከ ዛሬ ሬዲዮውን የከፈቱት በእነዚያ ምሽቶች ብቻ ነው። ዛሬ ኢልሀም ብቻዋን የወጣችው አዲሱን ድንጋይ ልትሞክር ነበር። አዮ በቦታዋ የለችም፤ ድምፁ ግን ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ስትሰማው ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ለምን ደስ እንዳላት ጠፋት።

ጥቂት ቆይቶ መብራቱ መጣ። የሰፈሩ ልጆች «ሆ!» ብለው ጮኹ። ኤርፎኑ ውስጥ ግን አሁንም ሽሽታው ብቻ ነው። ከዚያ ጋሽ ሙደሲር «ቢስሚላህ» ብለው የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናቸውን ፔዳል ሲረግጡ ጁፒተር ተመልሶ መጣ።

ኢልሀም ክው አለች።

«ጋሽ ሙደሲር!» አለች አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ። «እስቲ አንዴ ያቁሙልኝ!»

«ምኑን?»

«መኪናውን!»

አቆሙ። ጁፒተር አቆመ።

«አሁን ይርገጡት! ቀስ ብለው! አሁን ደግሞ ፈጠን ያድርጉት!»

ጁፒተር ቀስ አለ። ጁፒተር ፈጠነ። ጋሽ ሙደሲር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ላይ አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ጾሙ አናትሽ ላይ ወጣ እንዴ? የሰው ኮት እኮ ነው የያዝኩት!»

«ይቅርታ ጋሽ ሙደሲር። በቃ፣ ይቀጥሉ።»

ኤርፎኑን አውጥታ በአንድ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሙደሲር ረመዳን በመጣ ቁጥር የዒድ ልብስ ስለሚደራረብባቸው ከአፍጥር በኋላ ይሰፋሉ። በየምሽቱ ይሰፋሉ። እነሱ ደግሞ ሬዲዮውን የሚከፍቱት ከአፍጥር በኋላ ነው። ሠንጠረዡ «ስሙ» ባለ ምሽት ሁሉ መስማታቸው እውነት ነው፤ ባላለው ምሽት ግን አንድም ቀን ሞክረው አያውቁም ነበር።

ቅዳሜ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር አለ። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ይህ ሁሉ የጀመረው በሳይንስ ክበብ ነው። መምህር ቢሻው አንድ ቀን የአዮን ፎቶ አሳዩአቸው፤ ቢጫ፣ ዥጉርጉር፣ የተላጠ ብርቱካን የመሰለች። «የዘንገናን ሐይቅ ጉድጓድ የቆፈረው እሳተ ገሞራ ከተኛ ስንት ዘመኑ! አዮ ላይ ያሉት ግን እንቅልፍ የላቸውም» አሉ።

ያኔ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «እንግዲያው የኛ ዘመድ ናታ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ተናጋሪዋ ሃና ነበረች። ሃና ከዘንገና አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ መጥታ ዳንግላ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። አንደበቷ መጀመሪያ የተፈታው በአዊኛ ስለሆነ አማርኛዋ ሲደናቀፍ ልጆቹ «ፋራ» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። ከዚያ ቀን በፊት በክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ አልነበረም።

ነገሩን ለኢልሀም ከመምህሩ ይልቅ አጥርታ ያስረዳቻት ሃና ናት። ጁፒተር አዮን በስበቱ እየጨመቀና እየለቀቀ ውስጧን ያግላል። አዮ ትፈነዳለች፤ የድኝ ጋዝ ትተፋለች። ጋዙ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። የጁፒተር መግነጢሳዊ መስክ ደግሞ ከፕላኔቱ ጋር በፍጥነት ይሽከረከራል፤ አዮ አንድ ዙር ሳትጨርስ እሱ አራት ጊዜ ዞሮ ያልፋታል።

«ጭድ ተሸክሞ ቀስ እያለ የሚሄድ ሰው አስቢ» አለቻት ሃና። «ከኋላው ጋሪ እየጋለበ ይመጣል። ሲያልፈው ጭዱን አፍሶበት ይሄዳል። መስኩ ጋሪው ነው። ከዚያ በጨረቃዋና በፕላኔቱ መሃል ኤሌክትሪክ ይፈሳል፤ ጁፒተር ዋልታ ላይ መብራት ይበራል፤ ጩኸቱም በአጭር ሞገድ ሬዲዮ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

«ታዲያ ማን ነው ማንን የሚጎዳው?» አለች ኢልሀም።

ሃና አሰበች። «እንጃ።»

ኢልሀም መምህር ቢሻውን ስትጠይቃቸው «ማንም ማንንም አይጎዳም፤ ወይም ሁለቱም» አሉ። «ፕላኔቱ ጨረቃዋን ያሞቃል። ጨረቃዋ መስኩን ትመግባለች። መስኩ ተመልሶ ፕላኔቱን ያበራል።» ይህ ለኢልሀም መልስ አልመሰላትም።

የአባቷን ሬዲዮ ለምነው ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሽቦ ዘረጉ። አባቷ አቶ ሳሊሕ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ጁፒተርን በልጅነታቸው መድረሳ በተማሩት ስም ሙሽተሪ ይሉታል። «ሙሽተሪ ማለት እኮ ገዢ ማለት ነው» አሉ እየሳቁ። «ታዲያ ወደ ሱቃችን የሚመጣው መቼ ነው?» በመጀመሪያው ምሽት ድምፁ መጣ። በማግስቱ ሃና በስልኳ የቀዳችውን ለክፍሉ አሰማች። መምህር ቢሻው ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሰሙት።

«መብራት አጥፍታችሁ ሞክራችኋል?» አሉ። «የኤሌክትሪክ ዕቃ ሬዲዮ ይረብሻል።»

«አዎ ቲቸር» አለች ሃና። «ቆጣሪውን ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።»

ኢልሀም ያን ጊዜ ወደ ሃና ዞር አለች። መቼ? ምናልባት እኔ ለሰላት ስወርድ ይሆናል ብላ አሰበች። ልትጠይቃት ፈልጋ ነበር፤ ሳትጠይቃት ቀረች።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ኢልሀም ሃናን በልጆች ተከባ አገኘቻት። አንዱ ስልኳን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ኢልሀም እጇን ይዛ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወሰደቻት።

«የጋሽ ሙደሲር መኪና ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ድምፁ። ትናንት መብራት ሲጠፋ ጠፋ። ሲረግጡት ይመጣል፣ ሲያቆሙ ይቆማል። ሃንዬ፣ ተበላን።»

ሃና ትደነግጣለች ብላ ጠብቃ ነበር። ሃና ግን መሬት መሬት አየች።

«ዝም ብለሽ አታካብጂ» አለች።

«ሰማሽኝ? ጁፒተር አይደለም እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ኢልሀም በደንብ ያልሰማች መሰላት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ምሽት። አንቺ ለሰላት ወርደሽ ነበር። በመስኮት ሳይ መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገቡ አቆሙ። ድምፁም ቆመ። ያኔ ለክፍሉ አሰምቼ ነበር። ምን ልበላቸው? ጨረቃ አይደለም፣ የኮት እጅጌ ነው?»

«ለኔስ? ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺማ ትናገሪያለሽ።»

ኢልሀም ስድብ ይሁን ሙገሳ አልገባትም።

«ስሚ» አለች ሃና። «አንቺ የአቶ ሳሊሕ ልጅ ነሽ። ከተማው ሁሉ ያውቅሻል። እኔን ከዚህ ድምፅ በፊት በስሜ የጠራኝ ማን ነበር? አሁን ሃና ይሉኛል። ቅዳሜ አንድ ቀን ናት። ከዚያ ማንም አይጠይቀንም። ስለ አዮ የምንለው ሁሉ እንደሆነ እውነት ነው።»

«ድምፁ ግን...»

«ከተናገርሽ አጠገቤ እንዳትቀመጪ። ለዘላለም።»

ደወሉ ተደወለ። ሃና ሄደች፤ ልጆቹም ተከተሏት።

ኢልሀም በዚያ ቀን ሁሉም ነገር ተምታታባት። ሃና ዋሽታለች፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን መጠየቅ ሲገባት ዝም ያለችው ማን ናት? ደግሞስ እውነቱን ብትናገር ማንን ትጠቅማለች? አዮ እንደሆነች ዳንግላ ውስጥ ሰሟትም አልሰሟትም መፈንዳቷን አትተውም። ወደ መምህር ቢሻው ቢሮ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። መምህሩ የአዮን ፎቶ በትልቁ አሳትመው በካርቶን ላይ እየለጠፉ ነበር። «መጣሽ? እዚህ ጋ ያዢልኝ» አሏት። ያዘችላቸው። ለጥፈው ሲጨርሱ አመስግነዋት ወጣች፤ ልትናገር የመጣችውን በሆዷ ይዛ።

ዓርብ ማታ ጋሽ ሙደሲር ሲሰፉ በዕቃ ቤቱ ተቀምጣ የሬዲዮውን ድምፅ በራሷ ስልክ ቀዳች። ከዚያ በመስኮቱ እያቋረጠች «ያቁሙ» እና «ይርገጡ» ስትላቸው የሷም ድምፅ አብሮ ተቀዳ። ለምን እንደምትቀዳው አታውቅም ነበር።

«ደግሞ ዛሬ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ሙደሲር።

«ለውድድሩ ነው።»

«ምን! መኪናዬ ልትወዳደር ነው?»

«አላውቅም ጋሽ ሙደሲር» አለች። ያለችው ከልቧ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ሄዱ። መምህር ቢሻው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ልጆች ከኋላ። ሃና የጁፒተርን ሞዴል ጉልበቷ ላይ አቅፋለች። አሮጌ ኳስ ነው፤ ውስጡ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አለ። አዮ ደግሞ ጋሽ ሙደሲር የሰጧቸው ቢጫ የኮት ቁልፍ ናት፤ በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥላ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ትወዛወዛለች። እንጅባራ ሲደርሱ ብርዱ ፊታቸውን ገረፈው።

አዳራሹ በጠረጴዛ ተሞልቷል። ወደ እነሱ የመጡት ዳኛ ዶክተር ፍቅርአዲስ የሚባሉ የፊዚክስ መምህርት ነበሩ። የሃናን ስልክ ተቀብለው ኤርፎኑን ጆሯቸው ውስጥ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው ፈገግ አሉ።

«ደስ የሚል ነገር ነው። መብራት አጥፍታችሁ ሞክራችኋል?»

መምህር ቢሻው ከኋላ ሆነው ወደ ሃና አዩ። ሃና አፏን ከፈተች። ኢልሀም «አዎ» የሚለውን ቃል ገና ሳይወጣ የሰማችው መሰላት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን እንደምታደርግ አልወሰነችም ነበር።

«ቆጣሪው ያለው እኛ ሱቅ ውስጥ ነው» አለች። «አልጠፋም። እኔም መጥፋቱን አልጠየቅኩም።»

ዶክተር ፍቅርአዲስ ወደሷ ዞሩ።

«ረቡዕ ዕለት መብራት ሲጠፋ ድምፁም ጠፋ። የልብስ ሰፊ መኪና ነው። ይኸው።» የራሷን ስልክ ሰጠቻቸው።

ዳኛዋ ሰሙ። ኢልሀም ከኤርፎኑ የሚያመልጠውን የገዛ ድምፅዋን በቀጭኑ ትሰማለች፤ ያቁሙ... ይርገጡ። ሃና ቀና አላለችም። ጆሮዋ ፍም መስሏል። መምህር ቢሻው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በር በሩን ያያሉ።

«ስለዚህ አዮን አልሰማችኋትም?» አሉ ዶክተር ፍቅርአዲስ።

«አናውቅም» አለች ኢልሀም። «ሰምተናት ከሆነም ከመኪናው ድምፅ መለየት አንችልም።»

ዶክተሯ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቢጫዋን ቁልፍ በጣታቸው ነካ አደረጓት።

«አዮ ይቺ ናት? አንቺ ንገሪኝ» አሉ ለሃና።

ሃና ኳሱን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ስለ ጭዱና ስለ ጋሪው ጀመረች። መሃል ላይ አንድ ቃል ተደናቀፈባት፤ ቆመች፤ ደግማ አስተካከለችው። እጆቿ ኳሱን ማዞር ጀመሩ። ዶክተር ፍቅርአዲስ ሳያቋርጧት እስከ መጨረሻው ሰሟት።

አላሸነፉም። የጎርፍ ውኃ የሚያጣራ በርሜል የሠሩ ልጆች አሸነፉ። ሲመለሱ መምህር ቢሻው ከፊት ወንበር ሳይዞሩ «ቀድማችሁ ለኔ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ዳንግላ ሲደርሱ ሃና ጋሪ ላይ ወጥታ ቻው ሳትል ሄደች። ኢልሀም ጋሪው ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። አልቅሺ አልቅሺ አላት።

ያን ምሽት አፍጥር ላይ መብራት አልነበረም። እናቷ ሻማ ለኮሱ። አባቷ «ሙሽተሪስ እንዴት ዋለ?» ብለው ፊቷን ሲያዩ ጥያቄያቸውን ትተው ተምር አቀበሏት። ከበሉ በኋላ አባቷ ለተራዊህ ሰላት ወደ መስጊድ ሄዱ። ጋሽ ሙደሲርም መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተከተሏቸው።

ኢልሀም ወደ ዕቃ ቤቱ ወጣች። ከተማው ሁሉ ጨልሟል፤ አንድም የሚሠራ መኪና የለም። ጁፒተር ከጣሪያው በላይ ደምቆ ይታያል። ለመቀመጫ የጨርቅ ጥቅል ሳበች። ትንሽ አሰብ አደረገችና አጠገቡ ሁለተኛ ጥቅል ጨመረች።

ሬዲዮውን ከፍታ ጥቂት እንደቆየች ደረጃው ሲንቋቋ ሰማች። ሃና በሩ ላይ ቆመች፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በእጇ ሁለት ድንጋይ ይዛ።

«ድንጋዩ እንዳያልቅብሽ ብዬ ነው» አለች። «አልታረቅኩሽም።»

«እሺ» አለች ኢልሀም። ሬዲዮው ውስጥ አዲስ ድንጋይ እንዳለ አልነገረቻትም።

ሃና ተቀመጠች። ኤርፎኑን አንድ አንድ ጆሮ ተካፈሉት። ሽሽሽ ይላል። ከመስጊዱ አቅጣጫ የሰው ድምፅ ይመጣል፤ ጎዳናው ላይ የፈረስ ኮቴ አለፈ። ከዚያ ከሽሽታው ስር አንድ ነገር ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ደግሞ ከፍ አለ።

«ሰማሽ?» አለች ሃና።

«ሰማሁ።»

«እሷ ናት?»

«አላውቅም። የሆነ ሰው ጄኔሬተር ሊሆን ይችላል።»

ሃና ስልኳን አወጣች። አውራ ጣቷ ከመቅጃዋ ቁልፍ በላይ ቆመ። ድምፁ እንደገና ከፍ አለ፤ ከዚያ የሚጠፋ መሰለ። ኢልሀም ጠበቀች። ሃና ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፋችው።

«አሁን መብራቱ ድንገት ቢመጣ ይበላሽብናል» አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጠየቀች። «ቆጣሪው የት ነው ያለው?»

ኢልሀም አየቻት። አልሳቀችም። የስልኳን መብራት አበራችና ደረጃውን አሳየቻት።